ካርዱ ታድሷል፣ መድኃኒቱ ግን የለም

ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች፣ ለወረዳ የጤና መድን ጽሕፈት ቤቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የክፍያ፣ የሪፈርና የእድሳት አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

የጤና መድን ካርድ የእድሳት ወቅት በደረሰ ቁጥር ከየቀበሌው የሚመጣው ሪፖርት አንድ ዓይነት ነው፤ ያላሳደሱት የግንዛቤ እጥረት ስላለባቸው ነው ይላል። መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበውም ያው ነው፤ ተጨማሪ ቅስቀሳ፣ ተጨማሪ የንቅናቄ መድረክ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በወረዳ መድን ሂሳብ፣ በጤና ጣቢያ ፋርማሲና በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች ስንሆን በእኛ በኩል የሚታየው ሌላ ነው። ካርዱን ሳያሳድስ ከቀረው አባወራ ብዙው መድን ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ከፍሏል፣ ታሟል፣ ካርዱን ይዞ ሄዷል፣ ሐኪም አይቶታል፣ ላብራቶሪ ሠርቶለታል። ከዚያ የመድኃኒት መስኮቱ ላይ ሲደርስ "ይሄ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ተብሏል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ቅስቀሳ አይመልሰውም።

መድኑ አልሠራም እያልን አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር የአንድ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ በደቡብ 126 ብር፣ በኦሮሚያ 180 ብር ነበር። እነዚያን ወረዳዎች የተከታተለ ጥናት አባልነት በመንግሥት ጤና ተቋማት የተመላላሽ ሕክምና ተጠቃሚነትን ከ30 እስከ 41 በመቶ እንደጨመረ፣ ለአንድ ጉብኝት ከኪስ የሚወጣውንም ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። በጊዜው አንድ ሰው በአማካይ ጤና ተቋም የሚረግጠው በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነበርና "አባላት በዙ፣ ጤና ጣቢያው ተጨናነቀ" የሚለው ወሬ መድኑ የተቋቋመለትን ሥራ መሥራቱን እንጂ መበላሸቱን አያሳይም።

ችግሩ ያለው ሰዎቹን ያመጣቸው ሥርዓት ለተቋሙ ገንዘብ የሚከፍልበት መንገድ ላይ ነው። ደብዳቤያችን በዋናነት ስለዚህ ነው። ሌሎቹን ነጥቦች ያነሳናቸው ብዙዎቹ ከዚሁ ጋር ስለሚያያዙ ነው።

የጤና ጣቢያ ፋርማሲ የሚሠራው በተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። መድኃኒት ይሸጣል፣ በሽያጩ ገንዘብ መልሶ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ወይም አገልግሎቱ ከሌለው በጨረታ ከግል አስመጪ ይገዛል። ታካሚው በጥሬ ገንዘብ ሲከፍል ፈንዱ በየዕለቱ ይሞላል። ታካሚው የመድን አባል ሲሆን ግን ተቋሙ መድኃኒቱን ለመድኑ በዱቤ ሸጠ ማለት ነው። መድኑ ጥቂት አባላት በነበሩት ጊዜ ይህ ዱቤ አይታወቅም ነበር። አሁን ግን ከመስኮቱ የሚወጣው መድኃኒት አብዛኛው በመድን የሆነባቸው ጤና ጣቢያዎች ብዙ ናቸው።

ለስሌት እንዲመች አንድ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። የተዘዋዋሪ ፈንዱ መነሻ 600,000 ብር ነው እንበል። በወር 200,000 ብር የሚያወጣ መድኃኒት ያድላል፤ ከዚህ 150,000 ብሩ ለመድን አባላት፣ 50,000 ብሩ በጥሬ ገንዘብ። ጤና ጣቢያው ለመድኑ የክፍያ ጥያቄ የሚያቀርበው በየሩብ ዓመቱ ስለሆነ የመጀመሪያው ወር መድኃኒት ሦስት ወር ይጠብቃል። ሰነዱን ለማጠናቀር አንድ ወር፣ ለማጣራትና ለክፍያ ማዘዣ ሌላ አንድ ወር ይሄዳል። ይህ እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ክፍያው እጅ ላይ ሲገባ የተጠራቀመው ዱቤ 150,000 በ5፣ ማለትም 750,000 ብር ሆኗል። መነሻው ደግሞ 600,000 ብር ነበር። በአራተኛው ወር መጨረሻ የፋርማሲው ካፒታል በሙሉ ወረቀት ላይ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ምንም የለም። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም ሥራውን አልበደለም፤ ስሌቱ ከመጀመሪያው አይሞላም ነበር።

ይኸው ስሌት በወር አንድ ጊዜ ጥያቄ ቀርቦ በ30 ቀን ቢከፈል ከፍተኛው ዱቤ 300,000 ብር ላይ ይቆማል። ያው ጤና ጣቢያ፣ ያው ሕዝብ፣ ያው መዋጮ ሆኖ ግማሹ ካፒታል መደርደሪያ ላይ ይቀራል። መዋጮ ሳይጨመር፣ ድጎማ ሳይጠየቅ ሊደረግ የሚችል ማሻሻያ ከዚህ የሚበልጥ አናውቅም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ብሷል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። አብዛኛው መድኃኒት ወይ ከውጭ ይገባል ወይ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣል። በአምስት ወር ዘግይቶ የሚመለስ ብር ሲመለስ የሚገዛው ካርቶን ይቀንሳል። የዘገየው ክፍያ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ቢመጣም ፈንዱ ይመነምናል።

ገንዘቡ ሲያጥር ከመደርደሪያው መጀመሪያ የሚጠፋው ምንድን ነው? ኃላፊው በእጁ ያለችውን ብር ይዞ ሲወስን ጓንት፣ ግሉኮስ፣ አሞክሳሲሊን፣ የሕፃናት ሽሮፕ ያስቀድማል፤ እነዚህ ከጠፉ ተቋሙ ነገውኑ ይጮህበታል። እንደ አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል ያለ የደም ግፊት መድኃኒት ቢጠፋ ግን የሚጮህ የለም። የደም ግፊት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ቢያቆም በማግሥቱ ምንም አይሰማውም። ሦስት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከውጭ አንዱን ይገዛል፤ ብዙ ጊዜ ርካሹን። ወይም አንዱን ወር ገዝቶ ሁለተኛውን ይዘለዋል። ከወራት በኋላ ስትሮክ ሲመታው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ይመጣል፣ አልጋ ይይዛል፣ ሲቲ ስካን ይታዘዝለታል፣ ይህን ሁሉ የሚከፍለው ያው መድን ነው። ኩላሊቱ ከደከመ ደግሞ የኩላሊት እጥበት መድኑ ሲጀመር ከጥቅሉ ውጪ ከተደረጉት አገልግሎቶች አንዱ ስለሆነ ወጪው ወደ ቤተሰቡ ይዞራል፤ በሬ ይሸጣል፣ ቤት ይሸጣል። በወር በጥቂት ብር የሚገዛ ኪኒን ባለመኖሩ መድኑም ቤተሰቡም ይከፍላሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይህ ነው። የክፍያ ጥያቄ በየወሩ ይቅረብ። በቀረበ በ10 ቀን ውስጥ 75 በመቶው ቅድሚያ ይከፈል፤ ቀሪው 25 በመቶ ከማጣራት በኋላ በ30 ቀን ይለቀቅ። ማጣራቱ ላይ የሚታየው ልማድም መቀየር አለበት። አሁን አንድ ወረቀት ላይ ፊርማ ቢጎድል፣ የበሽታው ዓይነትና የታዘዘው መድኃኒት ባይጣጣም፣ ወይም የዋጋ ልዩነት ቢገኝ ጥቅሉ በሙሉ "አስተካክላችሁ አምጡ" ተብሎ የሚመለስባቸው ወረዳዎች አሉ። የተበላሸችው ወረቀት ተነጥላ ትመለስ፣ የቀረው ይከፈል። የወረዳው መድን ሁለት ሦስት ሠራተኛ ይዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶችን አንድ በአንድ ሊያይ አይችልም፤ ሲሞክር ነው ወሩ የሚያልፈው። በዕጣ ከመቶ አምስቱን በጥልቀት ማየት፣ የስህተቱ መጠን ከፍ ያለበትን ተቋም ብቻ በሙሉ መፈተሽ ይበቃል።

ኦዲት የሚደረግ የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት የሚባለው አሠራር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ተቋማት የተስፋፋ ነው። ይህን አሠራር የሚከተል ፋርማሲ በየዕለቱ የወጣውን መድኃኒት በዓይነት፣ በብዛትና በዋጋ ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ተቋም የሚያቀርበውን የመድኃኒት ሂሳብ እንደገና ከዜሮ መቁጠር ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም።

"ከውጭ ግዙ" የተባለው አባል ገንዘቡ ይመለስለታል የሚል ደንብ ያላቸው ወረዳዎች አሉ። አሠራሩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ማዘዣው ላይ "የለም" የሚል ማህተም ማስመታት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ማምጣት፣ ሁለቱን ይዞ ወረዳ ከተማ ድረስ መሄድ፣ ገንዘብ ያዡን ማግኘት። ከሩቅ ቀበሌ ለሚመጣ ሰው የሚመለሰው ብር የመኪናውን አይሸፍንም። ደረሰኙም ቢሆን በገጠር ከተማ ፋርማሲ ሁሉ አይገኝም። በወረቀት ያለ መብት ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚሻለው መድኑ ከከነማ (ከከተማ አስተዳደር)፣ ከቀይ መስቀል ወይም ፈቃደኛ ከሆነ የግል መድኃኒት ቤት ጋር በዋጋ ዝርዝር ተዋውሎ አባሉ ካርዱንና ማህተም ያረፈበትን ማዘዣ አሳይቶ እዚያው እንዲወስድ ማድረግ ነው። ሂሳቡ በቀጥታ ወደ መድኑ ይሄዳል። የዋጋ ልዩነቱን ማን ይሸከም? መድኑ ክፍያ አዘግይቶ ከሆነ መድኑ፤ ክፍያው በወቅቱ ደርሶ ጤና ጣቢያው ሳይገዛ ቀርቶ ከሆነ ጤና ጣቢያው። ልዩነቱ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነስ። ይህ ሲሆን ሁለቱም ወገን መደርደሪያው ባዶ እንዳይሆን የሚጠብቅበት ምክንያት ይኖረዋል። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ከአጎራባች ፋርማሲ ጋር ተመሳጥሮ መድኃኒት እያለ "የለም" ቢልስ? ይህም የሚሆን ነገር ነው፤ አንደብቀውም። ማህተም የተመታባቸውን ማዘዣዎች በወሩ መጨረሻ ከቢን ካርዱ (የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ ከሚመዘገብበት ካርድ) ቀሪ ጋር ማመሳከር ነው። በዚያ ቀን ቢን ካርዱ ላይ ቀሪ እያለ "የለም" የተባለ ማዘዣ ከተገኘ ነገሩ ግልጽ ነው። ሥራው የግማሽ ቀን ነው።

ወደ ሪፈር እንለፍ። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን 50 በመቶ ይከፍላል። የደንቡ ዓላማ ትክክል ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሆስፒታል ከተሰለፈ ሆስፒታሉ ለከባድ ሕመም አይደርስም፣ መድኑም ይከስራል። ደንቡ የሚያጠፋው ለአንድ ጊዜ ሕመም የተጻፈውን ለዘላቂ ሕመም ሲጠቀሙበት ነው።

በኢንሱሊን የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ክትትሉ አጠቃላይ ሆስፒታል ነው እንበል። ቀጠሮው ሲደርስ ሪፈሩ ጊዜው አልፎበታል ይባላል። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ያወጣል፣ ይሰለፋል፣ ጤና መኮንኑ ሳይመረምረው ያለፈውን ሪፈር ገልብጦ ይጽፍለታል። በማግሥቱ ሆስፒታል ይሄዳል። ሁለት የሥራ ቀን፣ ሁለት ጊዜ ትራንስፖርት፣ ጤና ጣቢያው ላይ ደግሞ ለመድኑ የሚመዘገብ አንድ ትርፍ ጉብኝት። ማንንም አላከመም። የደከመው ሰው ቀጠሮውን ይዘላል፤ ከዚያ ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ድንገተኛ ስለሆነ ሪፈር አይጠየቅም። የሚያስገርመው ይህ ነው፤ በሥርዓት ክትትል የሚያደርገውን አንገላተን ሳይከታተል የወደቀውን ያለ ጥያቄ እንቀበላለን።

የምንጠይቀው ለደም ግፊት፣ ለስኳር፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለአስምና ለልብ ሕመም የ12 ወር የክትትል ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የሕመሙ ዓይነት፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና መጠናቸው፣ የሆስፒታሉ ማህተም፣ የሚታደስበት ቀን ይኑር። በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ሕመሙ የተረጋጋ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይመለስ፤ ሆስፒታሉ የመልስ ሪፈር ጽፎ፣ ጤና ጣቢያው ያን መድኃኒት እንዲይዝ ታውቆ። የመልስ ሪፈሩ የማይጻፍ ከሆነ ጤና ጣቢያው ያለፈውን መድኃኒት ስለማያውቅ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ሰውየውም እዚያ አልድንም ብሎ ወደ ሆስፒታሉ ይመለሳል።

የተረጋጋ ታካሚ የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠው። ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ለኤችአይቪ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ቀጠሮ መስጠት ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መዝገቡም፣ የአቆጣጠሩ ልምድም በየተቋሙ አለ። ለአምሎዲፒን ያልተቻለበት ምክንያት ሕክምናዊ ሳይሆን የገንዘብ ነው፤ ፈንዱ የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ አውጥቶ ክፍያውን አምስት ወር መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ ይህም ጥያቄ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሰናል። ኢንሱሊንን ለይተን ማየት ይኖርብናል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው በክፍል ሙቀት ለ28 ቀን ገደማ ይቆያል። ማቀዝቀዣ ለሌለው የገጠር ቤት በውሃ የራሰ የሸክላ ዕቃ ይረዳል እንጂ የሦስት ወር ክምችት አይጠብቅም። ለእነዚህ ታካሚዎች በየወሩ ከቅርብ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ ጤና ጣቢያው ኢንሱሊን እንዲይዝ መፈቀድ አለበት።

የ50 በመቶው ቅጣት ሌላም ቦታ ይስታል። የአንዳንድ ጠረፍ ቀበሌዎች የቅርብ ተቋም የሌላ ወረዳ ነው፤ መድናቸው ውል የያዘው ግን ከራሱ ወረዳ ጤና ጣቢያ ጋር ነው። ከቀያቸው የተፈናቀሉ አባላት ደግሞ ካርዳቸውን የሚያውቅ ተቋም በደረሱበት የለም። አባልነት ከሰውየው ጋር መሄድ አለበት፤ ሂሳቡን በወረዳዎች መካከል ማወራረድ የክልሉ ሥራ ይሁን።

የፈንድ ጉድለት የገጠማቸው ወረዳዎች ላይ አንድ ሐሳብ ሲነሳ እንሰማለን፤ አባሉ በየጉብኝቱ ትንሽ ይክፈል የሚል። ከመወሰናችሁ በፊት ይህን እዩ። በአሜሪካ ከ1974 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. 5,800 ገደማ ሰዎችን በዕጣ በተለያየ የመድን ዓይነት ደልድሎ የተከታተለ ሙከራ ነበር። ሕክምና ሙሉ በሙሉ በነጻ ያገኙት 95 በመቶውን እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ራሳቸው ከሚከፍሉት 45 በመቶ ገደማ የበለጠ የሕክምና ወጪ ወጣባቸው። ክፍያ አጠቃቀምን እንደሚቀንስ ግልጽ ነው። የሚቀንሰው ግን የማያስፈልገውንም የሚያስፈልገውንም እኩል ነበር፤ ታካሚው ራሱ የትኛው ጉብኝት ትርፍ እንደሆነ አይለይም። ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ጉዳት አልታየም። ድሃና የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን በነጻው መድን ግፊቱ በተሻለ ተቆጣጥሮለታል። በእኛ አገር በየጉብኝቱ ክፍያ የሚጣለው በማን ላይ ነው? በየወሩ መመላለስ ያለበት ላይ ነው፤ በዓመት አንዴ የሚመጣው አይሰማውም።

ሩዋንዳ በጤና ጣቢያ 200 የሩዋንዳ ፍራንክ፣ በሆስፒታል የወጪውን 10 በመቶ ስታስከፍል ቆይታለች፤ የዓመት መዋጮውንም በቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ከፋፍላዋለች፣ የድሆቹን መንግሥት ይከፍላል። ሰዎች ይህን ሲጠቅሱ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚጠቅሱት። የግድ የጉብኝት ክፍያ ይግባ ከተባለ ለዘላቂ ሕመም ክትትል፣ ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናትና መክፈል የማይችሉ ተብለው ለተመዘገቡ አባላት ዜሮ ይሁን።

ትርፍ ወጪ አለ? አለ። ለጉንፋን ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ፣ በኪኒን የሚሆነውን በመርፌ፣ በማያስፈልግበት ሁሉ ሙሉ የደም ምርመራ። ይህን የሚያዘው ግን ባለሙያው እንጂ ታካሚው አይደለም፤ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚከፈልበት አሠራር ብዙ ያዘዘን ተቋም ብዙ ይከፍለዋል። በነፍስ ወከፍ አስቀድሞ መክፈል አንዱ መውጫ ነው፤ ጤና ጣቢያው ለተመዘገቡት አባላት በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ይከፈለዋል። ካፒታሉም አስቀድሞ ይገባል። ነገር ግን ጋና በአሻንቲ ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ጀምራው በ2017 እ.ኤ.አ. አቁማዋለች፤ ተመኑ ያንሳል የሚል የተቋማት ቅሬታና የሕዝብ ጥርጣሬ ነበር። ተመኑ ካነሰ ጤና ጣቢያው ታካሚውን በሪፈር ያስወጣዋል። እኛ የምንለው መድኃኒቱን ለብቻው ተውት፤ የምርመራና የካርድ ወጪውን በነፍስ ወከፍ ጀምሩ ነው።

እድሳት ላይ የምንለው አጭር ነው። መዋጮ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መሰብሰቡ እህል ለሚያመርት ገበሬ ይመቻል። ለቀን ሠራተኛ፣ ለጉሊት ነጋዴ፣ ለአነስተኛ ከተማ ነዋሪ ግን ታኅሣሥ ከሌላው ወር አይለይም፤ የዓመቱን በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው የሚያቅተው። በሁለት ጊዜ በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈል ይፈቀድ። መመዝገቢያው በዓመት አንዴ ብቻ የተዘጋው ሰው ሲታመም እንዳይመዘገብ ነው፤ ይህ ፍራቻ ትክክል ነው፤ ሲታመሙ ብቻ የሚገቡ ከሆነ ፈንዱ አይቆምም። ግን ዓመት ሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ሁለተኛ መመዝገቢያ ከፍቶ ዘግይቶ ለሚገባ የአንድ ወር መጠበቂያ መጣል ያንኑ ይከላከላል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ግን ብዙ ሰው የምታስቀር አለች። አባሉ ቀበሌ ላይ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ስሙ ግን ወረዳ ደርሶ ዝርዝር ውስጥ እስኪገባና ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እስኪላክ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መሃል የታመመ ልጅ ይዞ ሲመጣ "ስምህ የለም" ይባላል። ደረሰኙ ራሱ ለ30 ቀን ካርድ ሆኖ ያገልግል የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ይህን ይፈታዋል።

መዋጮአቸውን መንግሥት የሚሸፍንላቸው መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች ምርጫ በየወረዳው ባለው በጀት ልክ የሚሠራ ከሆነ፣ በጀቱ የሚበቃው ለ800 ቤተሰብ ሲሆን 800 ድሃ ይገኛል፤ ድርቅ ሲመጣም ቁጥሩ ያው ነው። መጀመሪያ ይለዩ፣ ከዚያ በጀቱ ይጠየቅ። የወረዳ ፈንድ ደግሞ ለትልቅ ወጪ ትንሽ ነው፤ በአንድ ዓመት ጥቂት ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች ሊያናጉት ይችላሉ። ወደ ዞንና ክልል ማሰባሰቡ ይፋጠን፤ ነገር ግን ክፍያው ከወረዳ ወደ ክልል ሲሸጋገር ተጨማሪ ፊርማ ተጨምሮ ከአምስት ወር ወደ ሰባት እንዳይሄድ።

የመንግሥት ሠራተኛውን የሚሸፍነው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ ሠራተኛውና አሠሪው እያንዳንዳቸው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ሲገፋ ሠራተኛው ያነሳው የነበረው ጥያቄ ከደመወዜ ተቆርጦ መድኃኒት አገኛለሁ ወይ የሚል ነው። ያለ ምክንያት የተነሳ ጥያቄ አይደለም።

በመጨረሻ ስለ ሪፖርት። አሁን በየሩብ ዓመቱ የሚቀርበው ምን ያህል ቤተሰብ እንደተመዘገበና ምን ያህል ብር እንደተሰበሰበ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ለድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት መድን በዕጣ ሲያድል ውጤቱ ተጠንቶ ነበር። መድን ያገኙት ሕክምና በብዛት ተጠቅመዋል፣ የሕክምና ዕዳቸው ቀንሷል፣ ድባቴም ቀንሶላቸዋል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የደም ግፊታቸው ላይ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አልተለካም። አባል ማብዛትና ሰው ማዳን በአንድ ቁጥር አይለኩም። ስለዚህ አራት ቁጥሮች እንዲጨመሩ እንጠይቃለን፤ ለአባላት ከታዘዘው መድኃኒት እዚያው ተቋም የተሰጠው ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ ጥያቄ ከቀረበበት እስከተከፈለበት ያለው የቀን ብዛት፣ ከተመዘገቡት የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኞች ባለፉት 12 ወራት ሳያቋርጡ መድኃኒት የወሰዱት ስንት እንደሆኑ፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት በመድኑ ከታከሙት መካከል ካርዳቸውን ያሳደሱት ብዛት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዛሬ በእጃችሁ ካሉት መዝገቦች ሊወጡ ይችላሉ፤ ማዘዣው ፋርማሲው ውስጥ፣ ቀኑ ደግሞ የገቢ ደብዳቤ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። በየወረዳው ተዘጋጅተው በጤና ጣቢያው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ እንዲለጠፉ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በወረዳ ጤና መድን፣ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ሥራ ላይ ያለን የሂሳብ፣ የፋርማሲና የሕክምና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለመድኑ አባላት